የተርቧ መልክና የዘነበች መርዶ

ባለፈው እሑድ የልጄ ልጅ ልያ ኦስሎ፣ ትቬይታ ሰፈር ወዳለው ቤቴ መጥታ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ በኮምፒውተሯና በወረቀቶቿ ሞላችው። ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ስለ ነፍሳት ነው። ዘንድሮ አስተማሪዋ እስከ ዛሬ ስም ያልወጣላት አንዲት ትንሽ ተርብ አግኝተው፣ መልኳን ዘርዝሮ በመጻፉ ሥራ እንድታግዛቸው መርጠዋታል። እኔ ቆሜ ድንች እልጣለሁ፤ እሷ የተርቧን ፎቶ እያገላበጠች የጻፈችውን ጮክ ብላ ታነባለች።

“እማማ፣ ስሚኝ እስቲ። ራሷ ጥቁርና አንጸባራቂ። ወገቧ ቀጭን። የኋላ እግሯ ጭን ወፈር ያለ፣ ቀለሙ…”

“ከሥሩ ጥርስ አላት?” አልኳት።

ልያ ከኮምፒውተሩ ቀና አለች። “ጭኗ ላይ? ኔይ፣ የላትም። አንቺ ደግሞ የተርብ ጭን ከየት አመጣሽ?”

“የኛዋ ነበራት” አልኳት። የአሮጊት ቀልድ መስሏት ሳቀችና ማንበቧን ቀጠለች። የኔ እጅ ግን ቢላውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

መጻፍ ሥራዬ አይደለም፤ ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩ ሰው ነኝ። ነገር ግን ፍርድ ሲጓደል እያየሁ ዝም ማለት ከልጅነቴ ጀምሮ አይሆንልኝም። ይህ የምጽፈው ነገር ደግሞ ይህን ሁሉ ዓመት ስመላልሰው ኖሬ፣ ፍርዱ ለማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያልለየልኝ ነገር ነው።

ኦስሎ ስመጣ ሃያዎቹን ገና የጀመርኩ ልጅ ነበርኩ። ያን ጊዜ አበሾች በጣት የምንቆጠር ስለነበርን፣ ከከተማው አንድ ጫፍ ስቶቭነር ያለው ቢያስነጥሰው በሌላው ጫፍ ፕሪንስዳል ያለው ይማርህ ይለዋል እየተባለ ይቀለድ ነበር። ኮሙኑ፣ ማለት የከተማው አስተዳደር፣ ለእኔና ለዘነበች ስቶቭነር ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ሰጠን። ዘነበች የጎጃም ልጅ ናት፤ ከሱዳን ጀምሮ አብረን ነን። ስትስቅ ከደረጃው ሥር ድረስ ይሰማል። ጎረቤታችን የነበሩት ኖርዌጂያዊት አሮጊት መጀመሪያ ሰው የተጣላ መስሏቸው በራችንን አንኳኩተው ነበር። ሲቆዩ ለመዱትና፣ ሳቋን ያልሰሙ ቀን ደረጃው ላይ አስቁመውኝ “ልጅቷ አሟታል?” ይሉኝ ጀመር። ሹራብ መሥራትም ያስተማሯት እሳቸው ናቸው።

ዘነበች የሕክምና ረዳትነት ኮርስ ትማር ነበር፤ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ለመቀጠር። እኔን ደግሞ ኮሙኑ “ቋንቋውን ሥራ ላይ ትለምጃለሽ” ብሎ አንድ ሙዚየም ውስጥ ወዳለው የነፍሳት ክፍል ላከኝ። ዝንቡም፣ ቢራቢሮውም፣ ጢንዚዛውም በመርፌ ተሰክቶ በየመሳቢያው የተደረደረበት ቤት ነው። ለዘነበች ስነግራት፣ “እኛ ዝንብ ስናባርር እጃችን ዛለ፣ እነዚህ መኝታ ሰጥተው ያስቀምጡታል!” ብላ ተንከተከተች።

አለቃዬ ኢንገር የምትባል፣ ረጅም፣ ጸጉሯን በእርሳስ የምትጠቀልል ሴትዮ ነበረች። ምሳዋ በየቀኑ አንድ ነው፤ ቡናማ አይብ የተነጠፈበት ዳቦ። የኔ ሥራ ማሰሮ የሚያካክሉ ብርጭቆዎች ውስጥ የሚኖሩትን አባጨጓሬዎች መመገብ ነው። ጠዋት ከሙዚየሙ ጀርባ ካሉት በርች ዛፎች ለጋ ቅጠል እቆርጥና፣ የትናንቱን አውጥቼ አዲሱን አስገባለሁ። ከዚያ በኋላ ኢንገር ማይክሮስኮፕ ላይ ስትቀመጥ እኔ አጠገቧ ካለው ቴፕ ጋር እቀመጣለሁ። እሷ ስትናገር ቁልፉን እጫናለሁ፤ ስታስብ አቆመዋለሁ።

ያን ጊዜ የምትገልጻት ተርብ ማንም ስለሷ ጽፎ የማያውቅ አዲስ ዓይነት ናት ብላ ጠርጥራ ነበር። አገላለጹ ሥርዓት አለው። ሁልጊዜ ከራስ ነው የሚጀመረው፤ ከዚያ ደረት፣ ክንፍ፣ እግር፣ በመጨረሻ ሆድ። ግንባር፣ ጉንጭ፣ ዳሌ፣ ጭን፣ ቅልጥም፤ ለካ ለተርብ የሚሉት ሁሉ ለሰው ገላ የሚባለው ነው። ሌላው ስደተኛ ክፍል ተቀምጦ ከሥዕል ላይ የሚማረውን የሰውነት ክፍል እኔ ከተርብ ላይ ተማርኩት። ሐኪም ቤት ሄጄ “የኋላ ጭኔን ያመኛል” ብዬ ዶክተሩን በሳቅ ያፈረስኩትም በዚህ የተነሳ ነው።

ኢንገር አንዳንዴ “ነይ እይ” ትለኛለች። ተርቧ ከሩዝ ፍሬ አትበልጥም፤ በማይክሮስኮፑ ሲያዩዋት ግን ለሠርግ የተዘጋጀች ነው የምትመስለው። ራሷ እንደተወለወለ ጫማ ያበራል። ፊቷ፣ ልብስ ሰፊ ጣቱ ላይ እንደሚያጠልቃት ብረት፣ በጥቃቅን ጉድጓዶች ተነቅሷል። አንቴናዎቿ ረጃጅም ጥቁር ሆነው መካከላቸው ላይ ነጭ ቀለበት አለ። በክንፏ የፊት ጠርዝ ቀለም የተንጠባጠበ የመሰለ ነጥብ፣ ጀርባዋ ላይ አሁን የተበጠረ ጸጉር የመሰለ መስመር። ጭኗ የሸክላ ቀለም ነው፤ ከሥሩ ያቺ ጥርስ የምንላት ሹል ነገር አለች። ከኋላዋ ደግሞ ከራሷ ቁመት የሚረዝም መርፌ ይዛለች።

መርፌው ምን እንደሚሠራ የገባኝ ቆይቶ ነው። አባጨጓሬውን ትወጋበታለች። እንቁላሏን ቆዳው ውስጥ ትጥላለች፤ ትሎቿ እዚያው ተፈልፍለው ከውስጥ ይበሉታል። እሱ ግን አይሞትም። ይሄዳል፣ ቅጠሉን ይበላል፣ ይወፍራል። ለሕይወቱ የሚያስፈልገውን እስከ መጨረሻው አይነኩበትም።

አንዱ ብርጭቆ ውስጥ አንድ አረንጓዴ አባጨጓሬ ነበር። ኢንገር ጎኑ ላይ ያለችውን የመርፌ ጫፍ የምታክል ጥቁር ነጥብ አሳየችኝና፣ “ይሄ ተወግቷል” አለችኝ በደስታ። ደስ ያላት በክፋት አይደለም። የጭን ጥርሱን ያየችው አንዲት ተርብ ላይ ብቻ ስለነበር፣ ያቺ አንዷ ስትፈጠር የተበላሸች ትሆናለች ብላ ትፈራ ነበር። ከዚህ አባጨጓሬ እህቶቿ ሲወጡ አይታ ነው የምትፈርደው።

“አውጪለት” አልኳት።

“አይቻልም። ልቅደደው ብል ይሞታል።”

“ታዲያ እያወቅሽ ዝም ብለሽ ታይዋለሽ?”

“የኔ ሥራ ማየት ነው፣ በለጡ።”

“ይሄ ፍርድ አይደለም!” አልኳት። ፍርድ የሚለውን የኖርዌጂያን ቃል ከዳሌና ከጭን በፊት ነው የተማርኩት። ኢንገር ዳቦዋን ገመጠች። እኔ በእልህ ከዛፉ ላይ ከሁሉ የለሰለሰውን ቅጠል እየመረጥኩ ለእሱ መስጠት ጀመርኩ። ምን እንደምጠቅመው አላውቅም። እሱም እየበላ ሥጋ ለበሰ።

በጋው ሊወጣ ሲል፣ ሰው ሁሉ ባልዲ ይዞ ብሎቤር የሚሉትን የዱር ፍሬ ለመልቀም ጫካ በሚገባበት ሰሞን፣ ከሥራ ስመለስ ጋሽ ተካ ስቶቭነር ባቡር ጣቢያ ቆመው አገኘኋቸው። በዕድሜ የሁላችን ታላቅ ናቸው፤ ከአገር የሚደወለውም እሳቸው ቤት ነው። እጄን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ።

“በለጡ፣ እንዳትጮሂ። የዘነበች እናት አርፈዋል። ተቀብረዋል።”

“እንሂዳ፣ እንንገራት” አልኩ።

“አይሆንም። በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ፈተና አለባት። እሱን ትጨርስ። እሑድ ጎሕ ሲቀድ ሁላችንም ተሰብስበን እንመጣለን።”

ቤታቸው እስክንደርስ አልጠበቅሁም፣ እዚያው ጣቢያው ላይ ተጣላኋቸው። “ጋሼ፣ የሞቱት የሷ እናት ናቸው። የኔም የእርስዎም አይደሉም። የሷን ሐዘን እኛ ኪሳችን ከተን የምንዞረው በምን ሕግ ነው?”

“ልጄ፣ መርዶ እንደ ጋዜጣ በበር ቀዳዳ አይወረወርም። የሚይዛት ሰው ያስፈልጋል። አገር ቤት ቢሆን መንደሩ በሙሉ ይይዛታል። እዚህ ግን ማን አላት? አንቺ ብቻሽን ልትይዣት ነው?”

ማታ ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ዘንድ አቤት ብዬ ሄድኩ። ሴት ናቸው ይገባቸዋል ብዬ ነው። እሳቸው ባሱ። “ፈተናውን ወድቃ፣ እናቷንም አጥታ፣ ባዶ እጇን ስትቀር ማን ሊጠየቅ ነው? አንቺ ነሽ?” አሉና ለማንም አበሻ ትንፍሽ እንዳልል በማርያም አስማሉኝ። ማልኩ። ምን ላድርግ።

በሳምንቱ መጀመሪያ አንድ ቀን ወደ ቤት ስገባ ዘነበች ሹራብ ጭኗ ላይ ዘርግታ ጠበቀችኝ። ለእናቷ የምትሠራው ግራጫ ሹራብ ነው፤ ደረቱ ላይ ነጫጭ ኮከቦች አሉት።

“ነይ ቁሚልኝ። አንቺ ልክ የእናቴ ቁመት ነሽ፣ ትከሻሽም የሷ ነው።”

“ደክሞኛል ዘኑ…”

“ቁሚ ስልሽ! ክንድሽን አንሺ።”

ቆምኩ። ሹራቡን በራሴ አጠለቀችልኝ። አንዱ እጅጌ ገና አልተሠራም። ክንዴን በሜትር ስትለካ ፊቷ ከፊቴ አንድ ስንዝር አይርቅም። ዓይኗን ላለማየት ብዬ፣ ኢንገር እንደምታደርገው መልኳን ከላይ ጀምሬ በልቤ ዘረዘርኩ። ግንባሯ ሰፊ ነው። ቅንድቧ መካከል የልጅነት ጠባሳ አለ። ጉንጯ ላይ ትንሽ ጥቁር ነጥብ አለች። እዚያ ስደርስ መቀጠል አቃተኝ።

“ምነው ተንቀጠቀጥሽ? ክሩ ያሳክካል እንዴ?”

“ያሳክካል” አልኩና አንገቴን አከኩ።

“እናቴ እንኳ ያሳክካል አትልም። እሷ ከልጄ ይምጣልኝ እንጂ ማቅ ብልክላት ትለብሳለች!” ብላ ሳቀች። ደረጃው ሥር ድረስ የሚሰማው ሳቋ ነው። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ካልሳቅኩ ታውቃለች።

በነጋታው ለኢንገር ነገርኳት። ለአበሻ አልነግርም ብዬ እንጂ ለፈረንጅ አልነግርም ብዬ አልማልኩም። ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ ነቅላ አየችኝ።

“ግን የማወቅ መብት አላት! አሁን ደውለሽ ንገሪያት። ስልኩ ያውና።”

“በስልክ? ኮርስ ላይ ሆና? በማታውቃቸው ሰዎች መካከል?” ብዬ ጮህኩባት። “ማን ይይዛታል? ስትወድቅ ማን ያነሳታል?” ይህን ስል የራሴን ድምፅ ሰማሁ፤ የጋሽ ተካ ድምፅ ነበር።

“እናንተ ሰዎች ትገርሙኛላችሁ” አለች።

“አንቺስ? አባጨጓሬውን እያየሽ ዝም ያልሽው?”

“እሱ ቢነገረውም አይገባውም።”

“ዘነበች ግን ይገባታል” አልኩ፣ ለሷ ይሁን ለራሴ ሳላውቀው። ኢንገር ቡናማ አይብ ያለበትን ዳቦዋን ለሁለት ከፈለችና ግማሹን ሰጠችኝ። አልበላሁትም።

ሐሙስ ዕለት አባጨጓሬው ቅጠሉን ተወ። ከጎኑ ነጫጭ ትሎች ወጡና አጠገቡ ሐር የመሰለ ከረጢት ፈትለው ተኙ። እሱ አሁንም በሕይወት ነበር። በብዕር ጫፍ ስነካው ራሱን አነሳ።

ዓርብ ዘነበች ፈተናዋን አለፈች። ከተማ ተገናኝተን አብረን በባቡር ወደ ቤት ሄድን። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ እግሯን እንደ ሕፃን ታወዛውዛለች። ፈተናው ላይ አልጋ ያነጠፈችላቸው ሽማግሌ በጆሮዋ “ካላሳለፉሽ ጥሪኝ” እንዳሏት እየነገረችኝ ትስቃለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና፣ “በለጡ፣ ለእናቴ እጠይቅላታለሁ” አለችኝ። “ቪዛ። ለጉብኝት ብቻ። በረዶ አይታ ትመለስ። ‘ሰማዩ ጥጥ ይረግፋል’ ብዬ ብጽፍላት ውሸታም አለችኝ እኮ።”

አፌን ከፈትኩ። ማርያምንም፣ ጋሽ ተካንም ረሳሁ። “ዘኑ” አልኩ።

“ወይ?”

ዓይኗ ደስ ብሎታል። ባቡሩ ሙሉ ነው፤ ፊት ለፊታችን አንድ ሰው ውሻ ይዞ ተቀምጧል። ብትጮህ የት አድርጌ እይዛታለሁ?

“እንኳን ደስ አለሽ” አልኳት።

ለእሑድ አጥቢያ በሩን ሳልቆልፍ እንዳድር ታዝዤ ነበር። ሳይነጋ ተነስቼ ለብሼ፣ ጫማዬን አድርጌ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ሰማዩ ግራጫ ሲሆን የሊፍቱ ድምፅ መጣ፤ ደጋግሞ ወረደ፣ ደጋግሞ ወጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ኮፍያቸውን አውልቀው ገቡ። ኦስሎ ውስጥ ያለን አበሾች በሙሉ ያቺ ክፍል ውስጥ ተጨናነቅን። እትዬ አስካለ ከስንዴና ከቢጫ አተር የቀቀሉትን ንፍሮ በፕላስቲክ ሳህን ይዘው ነበር።

ዘነበች በሌሊት ልብሷ፣ ጸጉሯ እንደተንጨባረረ ከክፍሏ ወጣች። ሰዎቹን አየች። አልጮኸችም። ጋሽ ተካ ሊናገሩ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ እሷ የምታየው ሳቸውን አልነበረም፤ እኔን ነው። ከላይ ሳይሆን ከታች ጀምራ አየችኝ።

“አንቺ ጫማ አድርገሻል” አለችኝ።

ከዚያ ነው የጮኸችው። ያዝናት። ልክ ጋሽ ተካ እንዳሉት ሰው ሁሉ ያዛት፤ አንዱ በክንዷ፣ አንዱ በወገቧ፤ መሬት አልነካችም። ይህን መካድ አልችልም። እኔ ግን ልይዛት ስጠጋ በእጇ ጀርባ ገፋችኝ። ጎረቤታችን አሮጊት በሌሊት ልብሳቸው መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ምንም ሳይጠይቁ ብቻዬን የቆምኩትን እኔን ያዙኝ።

አገር ቤት ለቅሶ ላይ የሟች ልብስ ወጥቶ ይለቀስበታል። ዘነበች የእናቷ ነገር አንድም በእጇ አልነበረም፤ ፎቶ እንኳ የላትም። ስለዚህ ሹራቡን አወጣችው። እናቷ ለብሳው የማታውቀውን፣ አንድ እጅጌ የጎደለውን ሹራብ ይዛ የእናቷን መልክ እየጠራች አለቀሰችበት፤ ጥርሷን፣ አንገቷን፣ አረማመዷን። ያን ሹራብ በዚህ ዓለም ላይ ለብሶት የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ወደ ሥራ ስመለስ ተርቦቹ ወጥተው ነበር። ሁሉም ጭናቸው ሥር ጥርስ አላቸው። ኢንገር ደስ ሊላት ሲል እኔን አይታ ደስታዋን ዋጠችው። ተቀመጥን፤ ቁልፉን ተጫንኩ። “ራስ” ብላ ጀመረች። ግንባር፣ ጉንጭ። ሁሉንም እንዳለ፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ ገለጸችው። ውብ ተርብ ናት። ሳላደላ ልናገር፤ እሷም ብትሆን ልጆቿን ማሳደጓ ነው።

ዘነበች አብራኝ መኖሯን አልተወችም። ከአስፈላጊው ቃል በላይ ግን አታናግረኝም። በረዶ ጥሎ ቀለጠ። አንድ ቀን የበግ ሥጋ በጥቅል ጎመን ስንቀቅል፣ ድስቱን እያየች፣ “ማወቅሽን ይቅር ብያለሁ” አለችኝ። “አስምለውሻል። አብረሽኝ መሳቅሽን ግን ምን እንደማደርገው አላውቅም። እናቴ ሞታ የሳቅኩት ሳቅ ነው። መልሺልኝ ብል አትመልሺልኝም።”

ሁለታችንም አግብተን ወለድን፤ የትልቋ ልጄ የክርስትና እናት እሷ ናት። አሁን ፕሪንስዳል ትኖራለች፣ ጡረታ ወጥታለች፣ በዓል አንድ ላይ ነው የምንውለው። ትስቃለች። እኔ ስስቅ ግን አንዳንዴ ዓይኗ ለአፍታ ፊቴ ላይ ይቆያል።

ትናንት ልያ ስትመጣ ይህን ሁሉ ነገርኳት። ሰምታኝ ስታበቃ፣ “ግን እማማ፣ መብቷ ነበር እኮ” አለች። ኢንገር ተመልሳ የተናገረች መሰለኝ።

“አዎ፣ መብቷ ነበር” አልኳት። “ስለዚህ ለኔ ጊዜ አደራ። ለኔ የሚመጣውን መርዶ ማንም ከኔ ቀድሞ ይዞት እንዳይዞር። በሰማሽበት ሰዓት ደውለሽ ትነግሪኛለሽ።”

“ብቻሽን ብትሆኚስ?”

“ብቻዬን ብሆንም። ባቡር ውስጥ ብሆንም። ደረጃ ላይ ብሆንም።”

“ሹር ነሽ?”

“አንቺ ልጅ፣ እኔ ቃሌን ስለውጥ አይተሽ ታውቂያለሽ?”

ልያ ትንሽ አሰበች። የነፍሳት ሰው ናት፤ ነገሩን ሳታገላብጥ አትተወውም።

“እሺ። ዘነበች ብትሆንስ? የሞተችው እሷ ብትሆን፣ እዚህ ብቻሽን ቁጭ ባልሽበት ስልክ ልደውልልሽ?”

“አዎ” ልላት አፌን ከፈትኩ። ልጅቷ መልሴን እየጠበቀች ታየኛለች። ከውጭ የልጆች ጫጫታ ይሰማል። አፌን ዘጋሁት። እንደገና ከፈትኩት።

“ብቻሽን አትምጪ” አልኳት። “ሰው ይዘሽ ነይ።”